የኮዬ ፈጬ ዲሾችና የሰማዩ አቅጣጫ

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በረንዳ፣ ግድግዳና ጣሪያ ላይ የሚታዩት የሳተላይት መቀበያ ሳህኖች፣ በተለምዶ አጠራር ዲሾች፣ እያንዳንዱ ነዋሪ እንዳመቸው ያንጠለጠላቸው ቢመስሉም፣ ቦታቸውንና ዝንባሌያቸውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነዚህም የሚፈለገው ጣቢያ የሚተላለፍበት ሳተላይት በሰማይ ላይ ያለው ስፍራ፣ ሕንፃው ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫና ዲሹን የሚሸከመው ግድግዳ የተሠራበት ቁስ ናቸው። የመጀመሪያው በማንም ፈቃድ የማይለወጥ ሲሆን፣ ሁለቱ ደግሞ ሕንፃው ሲነደፍ ያለቁ ጉዳዮች በመሆናቸው፣ ነዋሪው የቤቱን ቁልፍ ሲረከብ በእጁ የሚቀረው ምርጫ ከአንድ የብረት መስቀያና ከጥቂት ብሎኖች ብዙም አያልፍም። በዚህ ሳይት ዲሽ መስቀል አስቸጋሪ የሆነው ሕንፃዎቹ ሲነደፉ የሰማዩ አቅጣጫ ስላልታሰበበት መሆኑ የሚገለጠው፣ የዲሹ ሥራ ከመሠረቱ ተነሥቶ ሲመረመር ነው።

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ ጋር ተጎራብቶ የሚገኝ፣ በ20/80 የቤቶች መርሐ ግብር ከተገነቡት ሰፋፊ ሳይቶች አንዱ ነው። 20/80 የሚባለው ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር የሚከፍልበት አሠራር ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ ለሆኑ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የኮዬ ፈጬ ቤቶችም በዕጣው ውስጥ ነበሩ፤ ሳይቱ ባስነሣው የአስተዳደር ወሰን ጥያቄ የተነሣም ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀው በዚያው ሰሞን ነበር። አካባቢው ሜዳማና ክፍት በመሆኑ ከላይኛው ፎቅ ለሚመለከት ሰው በስተ ምሥራቅ የረር፣ በስተ ደቡብ ዝቋላ፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ ፉሪ ጥርት ባለ ቀን ይታያሉ፤ እነዚህ ሦስት ተራሮች ለዲሽ ሥራ የአቅጣጫ ምልክት ሆነው ያገለግላሉ።

የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ የክብ መስመር ይዞራሉ። በዚያ ከፍታ ላይ ያለ አካል ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር ከሚፈጅባት ጊዜ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከመሬት ሆኖ ለሚመለከተው ሳተላይቱ ከአንድ ነጥብ የማይነቃነቅ ሆኖ ይቆማል። እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ክላርክ ይህ ምሕዋር ለመገናኛ አገልግሎት ሊውል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1945 በጽሑፍ ያቀረበ ሲሆን፣ ዛሬ አንድ የዲሽ ባለሙያ ሳህኑን አንድ ጊዜ አነጣጥሮ ብሎኑን ካጠበቀ በኋላ ዓመታት ሳይነካው የሚያገለግለው በዚሁ የሳተላይቱ አለመነቃነቅ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ የሚገኙት ከምድር ወገብ በላይ በመሆኑ አንዱ ከሌላው የሚለየው በኬንትሮስ ብቻ ነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ወይም 7 ዲግሪ ምዕራብ በሚል አድራሻ ይጠራል።

ይህ አድራሻ ኮዬ ፈጬ ላይ ቆሞ ለሚያነጣጥር ሰው ወደ ሁለት ማዕዘኖች ይተረጎማል። አንደኛው የአቅጣጫ ማዕዘን ሲሆን፣ ከሰሜን ጀምሮ በሰዓት ዘንግ አዟዟር ይቆጠራል፤ ሁለተኛው የከፍታ ማዕዘን ሲሆን፣ ከአድማስ ወደ ላይ ይለካል። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት፣ ማለትም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት፣ ከዚህ ሥፍራ በ115 ዲግሪ አቅጣጫና በ66 ዲግሪ ከፍታ ይገኛል፤ ይህም ከየረር ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከቢሾፍቱ መስመር ደግሞ ወደ ግራ ሲሆን፣ ከአናት በላይ ካለው ነጥብ ወደ አድማስ 24 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ያለ ነው። ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያውያን ዲሽ በብዛት የተመለከተው ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለ ሲሆን፣ ከኮዬ ፈጬ በ261 ዲግሪ አቅጣጫ፣ ከፉሪ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ በ37 ዲግሪ ከፍታ ላይ ይገኛል። የክፍያ ቴሌቪዥን የሆነው ዲኤስቲቪ የሚጠቀምበት የ36 ዲግሪ ምሥራቅ ስፍራ ደግሞ ከዝቋላ ጥቂት ወደ ምዕራብ ጋደል ብሎ በ79 ዲግሪ ከፍታ፣ አናት ላይ ሊባል በሚችል ደረጃ ይገኛል።

አንድ ዲሽ የትኛውን ሳተላይት እንደሚያይ ከመንገድ ሆኖ መለየት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሆኖም የሳህኑ ፊት ከሚያነጣጥርበት ማዕዘን ያነሰ ዝንባሌ ያለው መስሎ ስለሚታይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በየቤቱ የሚሰቀሉት ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሳህኖች ኦፍሴት የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ በእነዚህ ሳህኖች መቀበያው የተያዘበት ክንድ ከታችኛው ጠርዝ የሚወጣ በመሆኑ ሞገዱ በሳህኑ ፊት ላይ በቀጥታ አያርፍም፤ በ25 ዲግሪ ገደማ ከላይ ዘንበል ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ እንደ ግድግዳ ቀጥ ለማለት ተቃርቦ የቆመ ሳህን ናይልሳትን የሚያይ ሲሆን፣ ወደ የረር ዞሮ 40 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ የተንጋለለው ኢትዮሳትን፣ ከዚያም በላይ ተንጋሎ ፊቱን ወደ ሰማይ የሰጠው ዲኤስቲቪን የሚያይ ነው። በአንድ በረንዳ ላይ ሁለት ሳህን የሚታየው ቤተሰቡ ሁለት ቴሌቪዥን ስላለው ላይሆን ይችላል፤ ናይልሳትና ኢትዮሳት በኬንትሮስ 64 ዲግሪ የተራራቁ በመሆናቸው ሁለቱን በአንድ ሳህን መቀበል አይቻልም፤ ሁለቱን የሚፈልግ ሰው ሁለት ሳህን ሰቅሎ ገመዶቻቸውን ዳይሴክ በሚባል አነስተኛ መቀያየሪያ ማገናኘት ግድ ይሆንበታል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ በጀመረበት በ1957 ዓ.ም.ና ከዚያም በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት የከተማው ሰው የሚያውቀው ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ በእንጨት ወይም በብረት ዘንግ ላይ የቆመውን፣ ከቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንጎች የተሠራውን አንቴና ነበር፤ ያ አንቴና የሚፈልገው ማሰራጫውን ማየት ብቻ ነበርና ከጎረቤት አንቴና ጋር በአንድ አቅጣጫ ማዞር ይበቃ ነበር። ዲሽ በተስፋፋ ጊዜ የአረብ አገሮችን ጣቢያዎች ለማየት የተሰቀሉት ሳህኖች ወደ ምዕራብ ዞሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረውን ቃናን ጨምሮ የግል ጣቢያዎች የተመልካቹን ሳህን ተከትለው በዚያው በምዕራቡ ስፍራ ተሰለፉ። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በ2012 ዓ.ም. ጣቢያዎቹን ወደ ኢትዮሳት ሲያሻግር፣ የተመረጠው ኤንኤስኤስ 12 ጥቅምት 19 ቀን 2002 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጊያና በአሪያን 5 ሮኬት የተወነጨፈና በሥራ ላይ የቆየ ሳተላይት ነበር። ውሳኔው የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበ መልካም ውሳኔ ቢሆንም፣ ለተመልካቹ ያስከተለው ሥራ ግን ቀላል አልነበረም፤ ሳህኑን ከፉሪ ወደ የረር አቅጣጫ ማዞር፣ ከፍታውንም ከ37 ወደ 66 ዲግሪ ማንሣት ነበረበት። የኮዬ ፈጬ ቤተሰቦች በብዛት ወደ ቤታቸው የገቡት በዚህ ሽግግር ዙሪያ ባሉ ዓመታት በመሆኑ፣ ከድሮ ቤታቸው ይዘውት የመጡት ሳህን በአዲሱ በረንዳ ላይ ሌላ ሰማይ ገጥሞታል።

የከፍታው ለውጥ ከአቅጣጫው ለውጥ ይልቅ የበረንዳውን ነዋሪ የሚጎዳ ነው። በጋራ ሕንፃ ውስጥ የአንዱ በረንዳ ወለል ለታችኛው ጣሪያ ነው፤ በግንባታ ቋንቋ ሶሌታ የሚባለው ይህ የኮንክሪት ንጣፍ ከበላዩ የሚመጣውን ሞገድ ፈጽሞ አያሳልፍም። የበረንዳው መከለያ ላይ የታሰረ ሳህን መሐሉ ከላይኛው ሶሌታ 1.6 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀመጥና በረንዳው ፊቱን ወደ ሳተላይቱ ያዞረ ቢሆን፣ ናይልሳትን ለማየት ከሶሌታው ጠርዝ እስከ 2 ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ኢትዮሳትን ለማየት ግን ከ70 ሳንቲሜትር በላይ ሊገባ አይችልም፤ ለዲኤስቲቪ ደግሞ ወሰኑ ወደ 30 ሳንቲሜትር ይወርዳል። የሳህኑ የራሱ ስፋትና የበረንዳው ከሳተላይቱ አቅጣጫ ጋደል ማለት ሲታከልበት የቀረው ቦታ ከምንም የማይቆጠር ስለሚሆን፣ ባለሙያው ሳህኑን ከመከለያው ወደ ውጭ በሚወጣ ክንድ ላይ ከመስቀል በስተቀር አማራጭ አያገኝም። በየብሎኩ ፊት ከሰው አናት በላይ አየር ላይ የተንጠለጠሉት ሳህኖች እንዲያ የተንጠለጠሉበት ምክንያት ይኸው ነው።

የዓለም ልምድ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። በበርሊን የሚኖር ሰው የሚጠቀምበትን አስትራ የተባለ ሳተላይት በ30 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ስለሚያየው፣ የበረንዳው ጣሪያ አያስቸግረውም፤ የሚያስቸግሩት በአድማሱ ላይ ያሉ ዛፎችና ፊት ለፊት ያሉ ሕንፃዎች ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተሰቦች ከመኪናቸው ኋላ አስረው ለሽርሽር የሚጎትቷቸው ትናንሽ የጉዞ ቤቶችም ሳህናቸውን በጣሪያቸው ላይ ወይም መሬት ላይ በሚቆም ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ አድርገው፣ በቆሙበት ሥፍራ ሁሉ ዛፍ የማይከልለውን ክፍተት እየፈለጉ እንደገና ያነጣጥራሉ። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ በምትገኘው አዲስ አበባ ዛፍና ጎረቤት ሕንፃ ብዙም እንቅፋት አይሆኑም፤ እንቅፋቱ ከራሱ ከቤቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ነው። ይሁን እንጂ የኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ከጉዞ ቤቱ ጋር የሚጋሩት አንድ ዕጣ አለ፤ ቤቱን ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ከብሎክ ወደ ብሎክ በተዛወረ ቁጥር ሳህኑን አውርዶ፣ ከአልጋና ከቁም ሣጥን ጋር ጭኖ፣ በሌላ አቅጣጫ በቆመ በረንዳ ላይ እንደ አዲስ ማነጣጠር ይጠበቅበታል።

የማነጣጠሩ ሥራ በአብዛኛው ሁለት ሰው የሚፈልግ ነው። ባለሙያው በበረንዳው ላይ ሆኖ በአንድ እጁ የሳህኑን ጠርዝ፣ በሌላው እጁ ቁልፉን ይዞ ይቆማል፤ ከቤቱ ሰዎች አንዱ ደግሞ በሳሎን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ሪሲቨሩ የሚያሳየውን ቁጥር ያነባል። «ኳሊቲው ስንት ሆነ፣ እትዬ?» ሲል «ሃያ… አሁን ጠፋ» የሚል መልስ ይመጣለታል፤ «ቆዩ፣ ቆዩ… አሁንስ?» ሲል «መጣ! ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ስምንት» ይባላል፤ በዚህን ጊዜ ባለሙያው እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ ዳዶውን በየተራ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ጥቂት በጥቂት ያጠብቃል፤ ምክንያቱም አንዱን ብቻ አጥብቆ ከጨረሰ ሳህኑ በማጥበቁ ኃይል ብቻ ተጎትቶ ያገኘውን ሊያጣ ይችላል። የ90 ሳንቲሜትር ሳህን ሞገዱን የሚሰበስብበት ጠባብ መስክ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ስፋት ያለው በመሆኑ ሳህኑ በ1 ዲግሪ ቢስት ከሚደርሰው ኃይል ግማሹን ያጣል፤ 1 ዲግሪ ማለት ደግሞ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ሲለካ የ1 ሳንቲሜትር ተኩል ልዩነት ብቻ ነው።

ሪሲቨሩ የሚያሳያቸው መስመሮች ሁለት ሲሆኑ፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ይታለላል። ሲግናል የሚባለው የመጀመሪያው መስመር የሚያመለክተው በገመዱ በኩል የሚመጣውን ጠቅላላ ኃይል ስለሆነ፣ ሳህኑ ባዶ ሰማይ እያየ ቢሆንም መቀበያው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ኳሊቲ የሚባለው ሁለተኛው መስመር ግን የሚነሣው ሪሲቨሩ የሚፈልገውን ሥርጭት ለይቶ ሲያነብ ብቻ ነው። ለዚህ ንባብ ደግሞ ለሪሲቨሩ አስቀድሞ የሚሰጡት ቁጥሮች አሉ፤ የኢትዮሳት ባለሙያዎች በቃላቸው ከሚያውቋቸው አንዱ 11105 ኤች 45000 የሚለው ነው። 11105 ሥርጭቱ የሚመጣበት ድግግሞሽ በሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ኤች ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ አግድም መሆኑን፣ 45000 ደግሞ በሴኮንድ 45 ሚሊዮን የመረጃ ምቶች እንደሚተላለፉ ይገልጻል። ይህን ያህል ከፍተኛ ድግግሞሽ በገመድ ውስጥ መጓዝ ስለማይችል በክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ደካማውን ሞገድ ተቀብሎ የሚያጎላውና ድግግሞሹን የሚያወርደው ዕቃ፣ ከ11105 ላይ 9750 ቀንሶ በ1355 ሜጋኸርዝ ወደ ሪሲቨሩ ይልከዋል፤ ሪሲቨሩም በዚያው ገመድ 18 ቮልት ሲልክለት አግድሙን፣ 13 ቮልት ሲልክለት ቋሚውን ሞገድ ይመርጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚዘነጋው የኤልኤንቢው መዞር ነው። ከሳተላይቱ በስተ ደቡብ ወይም በስተ ሰሜን ርቆ ለሚኖር ሰው አግድሙ ሞገድ ከአድማሱ ጋር ትይዩ ለመሆን የተቃረበ ሆኖ ሲደርሰው፣ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ሥፍራ ግን ከአድማሱ እጅግ አዘንብሎ ይደርሳል። ኢትዮሳትን ከኮዬ ፈጬ ለመቀበል ኤልኤንቢው፣ ከሳህኑ ኋላ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ ለሚመለከት ሰው፣ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ 63 ዲግሪ ያህል መዞር ሲኖርበት፣ ለናይልሳት በሰዓት ዘንግ አዟዟር 78 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት። ሳህኑን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ኤልኤንቢውን እንደነበረ የተወ ሰው አቅጣጫውንና ከፍታውን በትክክል ቢያገኝም ኳሊቲው አልነሣ ብሎ ሲያስቸግረው ይውላል፤ ሳህኑን መወንጀል፣ ከዚያም ትልቅ ሳህን መግዛት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህች ግማሽ ደቂቃ በማትፈጅ ሥራ መጓደል ነው።

ማነጣጠሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው የግድግዳው ጉዳይ ሕይወትን የሚመለከት በመሆኑ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የጋራ ሕንፃዎቹን ክብደት የሚሸከሙት ኮለንና ቢም የሚባሉት የኮንክሪት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ በብሎኬት የተሞላ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ፣ ልባሱ ደግሞ ስስ ነው፤ በድሪል ተበስቶ የገባው ፊሸር፣ ማለትም ብሎን ሲጠብቅ እየሰፋ ግድግዳውን የሚነክሰው ማሰሪያ፣ በኮንክሪት ውስጥ ያለውን ያህል የሚነክሰው ነገር በብሎኬት ውስጥ አያገኝም። በተተከለበት ዕለት ጠንካራ መስሎ የሚታየው መስቀያ በነፋስ ወዲያና ወዲህ በተወዛወዘ ቁጥር ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። የ90 ሳንቲሜትር ሳህን ነፋስ የሚመታው ገጽ ከ0.6 ካሬ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ዐውሎ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመታው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ግፊት ያሳርፍበታል፤ ይህም ግፊት በክንዱ ርዝመት ተባዝቶ ወደ ብሎኖቹ ይደርሳል። ስለዚህ መስቀያው በኮለን፣ በቢም ወይም በሶሌታው ጠርዝ ላይ ካልሆነ በቀር መተከል የለበትም፤ ኮንክሪቱን የሚያገኙትም በመዶሻ መትቶ ድምፁን በማዳመጥ፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ብሎኬት ደንዳና ድምፅ ከሚሰጠው ኮለን በመለየት ነው። ከአራተኛ ፎቅ የሚወድቅ ሳህን ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ላይ የሚያርፍ በመሆኑ፣ ለአንድ ቀን ሥራ ማጠር ሲባል በብሎኬት ላይ መስቀልን የሚያክል ጥፋት በዚህ ሙያ ውስጥ የለም።

ገመዱን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ከኤልኤንቢው ወጥቶ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ እንደገና እንዲነሣ ቢደረግ የዝናብ ውኃ በቀለሱ ጫፍ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል፤ ካልተደረገ ግን ውኃው ገመዱን ተከትሎ ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ወይም ወደ ኮኔክተሩ ይገባና መዳቡን ያዝገዋል።

ዝናብ ራሱ ሞገዱን የሚያደክመው ጠብታዎቹ በዚህ ድግግሞሽ ያለውን ኃይል ስለሚመጥጡትና ስለሚበትኑት ነው። በዚህ ረገድ የኢትዮሳት ከፍታ ለተመልካቹ የጠቀመ ነው፤ ሞገዱ ከላይ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ናይልሳት ከሚያልፍበት በሲሦ ያጠረ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ በሚጥለው ከባድ ዝናብ ምስሉ ለጥቂት ጊዜ ቢቆራረጥ የሚያስገርም አይደለም፤ ስስ ካፊያ በጣለ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ግን ሳህኑ በትክክል አልተነጣጠረም ወይም ኤልኤንቢው በአግባቡ አልዞረም ማለት ነው። ሌላው የሚቆራረጥበት ጊዜ ጥርት ባለ ሰማይ የሚመጣ በመሆኑ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ከኮዬ ፈጬ ሲታይ በትክክል ከኢትዮሳት ኋላ ትቆማለች፤ አንደኛው በመስቀል ሰሞን ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ ሁለተኛው በመጋቢት 7 ዙሪያ ባሉ ቀናት 5 ሰዓት ከ10 ገደማ ሲሆን፣ የፀሐይዋ የራሷ ሞገድ የሳተላይቱን ሞገድ ስለሚያጥለቀልቀው ምስሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ይጠፋል። ይህች አጭር ጊዜ ግን ለባለሙያ ከመሣሪያ የበለጠ ጥቅም አላት፤ ፀሐይዋ ራሷ የሳተላይቱን ቦታ ስለምታሳይ፣ በዚያች ሰዓት የሶሌታ፣ የግድግዳ ወይም የልብስ ማስጫ ጥላ ያረፈበት ሳህን ከሞገዱም ያንኑ ያህል ተከልሏል።

በረንዳቸው ወደ ምዕራብ የዞረ ነዋሪዎች ኢትዮሳት ከሕንፃው ኋላ ስለሚሆንባቸው የሚፈልጉት መፍትሔ ከብሎኩ ውጭ ነው። ኢትዮሳት በ66 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ 15 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ በስተኋላው የሚከልለው ቦታ አጭር ነው፤ ሳህኑ በሳተላይቱ አቅጣጫ ሲለካ ከግድግዳው 7 ሜትር ያህል ርቆ በግቢው ውስጥ በተተከለ ዘንግ ላይ ቢቆም ከጣሪያው በላይ አሳልፎ ያያል፤ ለናይልሳት ከተመሳሳይ ሕንፃ 20 ሜትር መራቅ ያስፈልግ ነበር። ችግሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። የአቃቂ ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ዋልካ በክረምት ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እያወጣ የሚሸሽ አፈር በመሆኑ፣ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ በጥቂት ሲሚንቶ የቆመ ዘንግ ዓመቱን ሳይጨርስ ያዘነብላል፤ የ1 ዲግሪ ዝንባሌ ግማሹን ኃይል እንደሚያሳጣ ከላይ ተገልጿል። በዚህ ሳይት መሬት ላይ የሚቆም ሳህን የሚያስፈልገው መሠረት ከሚንቀሳቀሰው ንጣፍ በታች የሚወርድ ስለሆነ አንድ ቤተሰብ ለብቻው የሚሸከመው ወጪ አይደለም።

የቀረው ጣሪያው ነው፤ ጣሪያው ደግሞ የማንም የግል አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕንፃውን ለየባለቤቱ በሚሆን ቤትና ለሁሉም በሚሆን የጋራ መጠቀሚያ ከፍሎ፣ የጋራውን በነዋሪዎች ማኅበር እንዲተዳደር አድርጓል። አንድ ነዋሪ በራሱ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲበሳ፣ በክረምት የሚያፈስበት እሱ ሳይሆን የላይኛው ፎቅ ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ብሎኮች ላይ የጣሪያው በር የሚቆለፈው በዚህ ምክንያት ከሆነ የሚወቀስ አይደለም። ነገር ግን በር መቆለፉ ብቻውን ሳህኖቹን ወደ በረንዳና ወደ ብሎኬት ይገፋቸዋል። ተገቢው መንገድ እያንዳንዱ ብሎክ በጣሪያው ላይ፣ ከቢሙ ጋር በታሰረ መቆሚያ፣ አንድ የኢትዮሳትና አንድ የናይልሳት ሳህን እንዲኖረው ማድረግ ነው። ለዚህ የሚሆነው ኤልኤንቢ አራት መውጫ ያለው፣ ቋሚውንና አግድሙን ሞገድ በዝቅተኛና በከፍተኛ የድግግሞሽ ክፍል ለይቶ በአራት ገመድ የሚያወርድ ዓይነት ሲሆን፣ ገመዶቹ በደረጃው ቤት ውስጥ ወደሚቀመጥ መልቲስዊች ይገባሉ፤ መልቲስዊች ከሚገቡት ገመዶች የሚፈለገውን ለእያንዳንዱ ቤት ለይቶ የሚሰጥ መሣሪያ በመሆኑ ሁሉም በራሱ ሪሲቨር የፈለገውን ጣቢያ ያለ ጎረቤቱ ፈቃድ ያያል። ሕንፃው ሲሠራ የመብራት ቱቦ በሚቀበርበት ጊዜ አንድ ተጨማሪ ቱቦ ከጣሪያ እስከ እያንዳንዱ ሳሎን ቢቀበር ኖሮ ወጪው ከምንም አይቆጠርም ነበር፤ ገና በሚነደፉት ሳይቶች ይህ ሊታሰብበት ይገባል። አሁን ባሉት ብሎኮች ግን ገመዱ በደረጃው ግድግዳ ላይ በሽፋን ውስጥ ሊወርድ ስለሚችል ሥራው አልመሸበትም፤ ማኅበሩ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው መልቲስዊቹ የሚጠቀመው መብራት ከጋራ ቆጣሪው መከፈሉን፣ የጣሪያው ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆንና ነፋስ በመታ ማግስት ሳህኑን የሚያስተካክለው ባለሙያ ክፍያ ከወርኃዊ መዋጮው እንዴት እንደሚወጣ ነው።